የቦያን ጉርድ ፎቶ

ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ኔቬና ፀጉሯን ትነካካለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው በዚሁ ሱቅ፣ በሁለተኛው ሒሳብ መቀበያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። የሱቁ ስም ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ የሽርጧ ቀለም አራት ጊዜ። ወንበሩ ግን ያው ነው፤ በመስታወቱ የሚታየውም ያው ነው። የአውቶቡስ መቆሚያው፣ ከመቆሚያው ወዲያ ዛፎቹ፣ ከዛፎቹ ወዲያ የዳኑብ ወንዝ።

አዲስ ሠራተኛ ሌባ ሲጠብቅ እጅ እጅ ያያል። ኔቬና የምታየው አንገት ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው አንገቱን ወደ ዕቃው ያሰግጋል፤ ሊሰርቅ የመጣ ወደ ሰው ያሰግጋል። የትምህርት ቤት ልጆች የሚወስዱት የጣሳ መጠጥ ነው፤ የሚያጋልጣቸውም የራሳቸው ሳቅ ነው። አንድ ሰሞን በሕፃን ጋሪ ፍራሽ ሥር አይብ የምታወጣ ሴት ነበረች። ኔቬና ጋሪው ላይ ጎንበስ ብላ፣ "እንዴት አድጓል ባክሽ፣ ዛሬ ግን አይብ አይብ ይላል" አለቻት። ሴትዮዋ ፊቷ ቀልቶ አይቡን መለሰች። በሳምንቱ ስትመጣ እንደ ዘመድ ተሳሳሙ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዛሬ ያዋረዱትን ሰው ነገ ቀብር ላይ ጎን ለጎን ይቆሙታል። ስለዚህ ኔቬና ሁሉንም በጆሮው ትነግረው ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር።

ያ ሰው ቦያን ነው፤ ፎቶ አንሺው ቦያን ዲንኮቭ። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ኮፍያውን በሩ ላይ አውልቆ ይገባል፤ ግማሽ ዳቦና አንድ እርጎ ይይዛል፤ ከዚያ ብስኩት መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ መነጽሩን ሊጠርግ እንደፈለገ ሰው ይቆማል። መነጽሩን ጠርጎ ሲያበቃ አንድ የለውዝ ዋፈር በግራ እጅጌው ውስጥ ገብቷል። መጥቶ የዳቦና የእርጎውን ይከፍላል።

"እንዴት ዋልሽ ኔቬና?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ቦያን። እርስዎስ?"

"ብርሃኑ ዛሬ ጥሩ ነው" ይላል፣ ሁልጊዜ። ዝናብ ቢሆንም ይላል።

ሲወጣ ኔቬና ከኪሷ ሳንቲም አውጥታ የዋፈሩን ዋጋ በሒሳብ ማሽኑ ላይ ትመታለች። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ብትነግረው እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ከድልድዩ ማዶ ሌላ ሱቅ አለ። እሱ ካልመጣ ደግሞ ሐሙስ እንደ ረቡዕ ይሆናል፣ ረቡዕም እንደ ማክሰኞ።

ነገሩ የቆየ ነው። ኔቬና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሣ ወደ ቦያን ፎቶ ቤት ሄደች። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ፀጉሩን ከግንባሩ በእጁ ጀርባ የሚመልስ፣ ሲያነሣ የማይናገር ሰው። "አንድ ደግሞ ለራሴ ላንሣ" አለ፤ አነሣ። በሳምንቱ ያቺ ፎቶ የትሪ ያህል ሆና በፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ፣ ከአንድ ሙሽራና ከአንድ ወታደር መካከል ቆመች። ያን ጊዜ ዋናው መንገድ ሕዝብ ይፈስበት ነበር። መርከብ ሲገባ እንግዶቹ ሽቅብ እየተንሸራሸሩ ይመጡና መስታወቱ ፊት ቆም ይሉ ነበር። ኔቬና ማታ ማታ ወተት ልግዛ ብላ ትወጣና በማዶው ጥግ ታልፋለች፤ ቦያን ከውስጥ መብራቱን ሲያበራ ታያለች። አንዳንዴም ወጥቶ ከሷ ጋር እስከ ወደቡ ይሄዳል፤ የለውዝ ዋፈር ከሁለት ቆርሰው እየበሉ።

ፎቶዋ በቆመ በአሥራ አንደኛው ወር አባቷ ወደ ፎቶ ቤቱ ገባ። የወደብ አለቃ ነበር። "ልጄን እንደ ሥጋ ቤት ሥጋ የሰቀልክልኝ ማን ሊገዛት ነው?" አለው። ቦያን አንድ ቃል አልመለሰም፤ በዚያው ሰዓት መስታወቱን ከፍቶ ፎቶዋን አወረደ። ኔቬና ባዶውን ቦታ ስታይ፣ "ነገ መጥቶ አንድ ነገር ይለኛል" አለች። በማግሥቱም እንዲሁ አለች። ክረምቱ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ከዚያ ስቶይኮ የሚባል ደግ የክሬን ሠራተኛ አገባች። ከሱ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖረች፤ ቀበረችው፤ አለቀሰችለትም። ያም ሆኖ አንዲት ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረች። ያን ፎቶ ከመስታወቱ ሲያወርድ ትንሽ እንኳ ልቡ ከፍቶት ይሆን?

ቦያንም አገባ፤ ሮሰን የሚባል ልጅ ወለደ። ዛሬ ፎቶ ቤቱ የለም፤ ስልክ በላው። ልጁ ስፔን ነው፤ ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት፤ በቀብሯ ማግሥት አባትና ልጅ ተጣልተው እስከዛሬ አልተነጋገሩም። የቦያን ሥራ ግን በየዛፉ ላይ አለ። እዚህ ሰው ሲሞት ወረቀት ይለጠፍለታል፤ ጥቁር ክፈፍ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ስም። በቤቱ በር፣ በአውቶቡስ መቆሚያው፣ በየግንዱ ይለጠፋል። በአርባው ሌላ ይለጠፋል፣ በመንፈቁ ሌላ፣ በሙት ዓመቱ ሌላ። በመንገድ ላይ ከሚያልፈው ሕያው ይልቅ ከግንድ ላይ የሚያየው ሙት ይበዛል፤ ከሚያዩት ውስጥ አብዛኞቹን ያነሣቸው ቦያን ነው።

የዋፈሩ ነገር ሦስተኛ ዓመቱን በያዘበት መጋቢት ላይ ሱቁ ካሜራ ተተከለለት። ፕላመን የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ አስኪያጅም መጣ፤ የከተማው ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም፤ እንቅልፍ የጎደለው ነው። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ኔቬናን ወደ ቢሮው ጠራት።

"እትዬ ኔቬና፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ።"

በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ቦያን መነጽሩን ይጠርጋል። ፕላመን በጣቱ አሳለፈው፤ ሌላ ሐሙስ፣ ያው ቦያን፣ ያው መነጽር።

"አሥራ አንድ ጊዜ ነው" አለ። "ካሜራው ከተተከለ ወዲህ ብቻ።"

"ዋፈር እኮ ነው።"

"ዋፈር መሆኑንማ አየሁ።"

"ሒሳቡም አልጎደለም። ቁጠረው ብትፈልግ።"

"አለመጉደሉንም አየሁ። ለምን እንዳልጎደለም አየሁ" አለና ሌላ ምስል አመጣ። ሁለተኛው ሒሳብ መቀበያ ነው። ቦያን ዳቦውን ሲያስቀምጥ ኔቬና ዓይኗን ግራ እጅጌው ላይ ተክላለች።

ኔቬና ምስሉን ጎንበስ ብላ አየችው። "ፀጉሬ ከኋላ እንዲህ ሸብቷል እንዴ?" አለች።

ፕላመን አልሳቀም። "እኔ ሰውን አያለሁ፣ ዋና ቢሮ ደግሞ እኔን ያያል። አዲስ ትእዛዝ መጥቷል። የሌባ ፎቶ በር ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ 'ሌባ ነው፣ እወቁት' ተብሎ። ቃሉን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አሁን ለስብሰባ እሄዳለሁ፣ ነገ ከቀትር በኋላ ነው የምመለሰው። ዛሬ ይለጠፍ። ካልተለጠፈ የእርስዎንም ምስል አብሬ መላክ ግዴታዬ ነው። ለጡረታዎ ስንት ዓመት ቀረዎት?"

"አራት።"

"እንግዲህ።"

"ሰውየው አንተንም አንሥቶሃል እኮ። አንደኛ ክፍል የገባህ ዕለት፣ በነጭ ካልሲ።"

"አላስታውስም።"

"እናትህ ታስታውሳለች" አለች ኔቬና። ፕላመን ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ምስሎቹን አንድ ባንድ አሳለፈች። ወደ ካሜራው ቀና ያለበት አንድ ሐሙስ ነበር። መደርደሪያውን ቆረጠችው፤ እጅጌውን ቆረጠችው፤ ከትከሻ በላይ ብቻ ቀረ። ፊቱን ስታሰፋው በማያው ሙሉ መጣ፤ አርባ ዓመት ያህል እንዲህ በቅርብ አላየችውም ነበር። ከሥሩ ስሙን ጻፈች፣ ቦያን ዲንኮቭ። ከዚያ ያንን ቃል መጻፍ ጀመረች፤ ደመሰሰችው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ደመሰሰችው። ጣቷ እምቢ አላት። "ፎቶው ይለጠፍ ተብዬ ነበር፣ ይኸው ይለጠፋል" አለች ለራሷ። በቃሉ ፈንታ "ፎቶ አንሺ" ብላ ጻፈችና አተመችው። ማተሚያው ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ መስታወት ላይ፣ በሰው ዓይን ልክ፣ በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ለጠፈችው። ገብታም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጡት እማማ ስታና ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቀብር አያመልጣቸውም። በሩ ሊከፈትላቸው ሲል ቆሙ። አነበቡ። ዘምቢላቸውን መሬት አስቀምጠው አማተቡ፤ ጣታቸውን ስመው መስታወቱን ነኩ።

ያን ጊዜ ነው ኔቬና ምን እንዳደረገች የገባት።

እማማ ስታና መሐረባቸውን ይዘው ገቡ። "ቦያንም? እኔ እዚህ ተገትሬ ቦያን?" አሉ። "ባለፈው ሳምንት በሽንኩርት መደርደሪያው በኩል አይቼው። መቼ ነው ልጄ?"

ኔቬና አፏን ከፈተች። ሕያው ነው ለማለት ነበር። ግን ሕያው ሰው ፎቶው በር ላይ ምን ያደርጋል? ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ለመደበቅ ነው ጠዋቱን ሙሉ ጣቷ እምቢ ያላት። ወይ ሞቷል፣ ወይ ሌባ ነው። አፏን መልሳ ዘጋች፤ አንገቷን ደፋች።

"ነፍስ ይማር" አሉ እማማ ስታና፣ መልሱን እንዳገኘ ሰው።

እስከ አራት ሰዓት ግማሽ ከተማ ሰማ። ሰው ወረፋ ይዞ ዕቃውን ረስቶ ያወራል።

"አማቴን ያነሣት እሱ ነው። በሕይወቷ ስቃ አታውቅም፤ ምን እንዳላት እንጃ፣ በፎቶው ላይ ጥርሷ ይታያል። መቃብሯ ላይ ያለው ያ ነው፤ ባየሁት ቁጥር 'ይህቺ ማን ናት?' እላለሁ።"

"የኔን ባል ደግሞ ሠላሳ ኪሎ ቀንሶ አነሣው።"

"ብርሃኑን ከጎን አድርጎ ነው እኮ።"

"ብርሃንስ አይደለም፣ ተአምር ነው።"

የአይብ ክፍሏ ጊንካ ሽርጧ ላይ እጇን እየጠረገች መጣች፤ ከኔቬና ጋር አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ወረቀቱን ከውጭም ከውስጥም አየችው። "ማን ነው የሠራው ይህን? ክፈፍ እንኳ የለውም፣ ፎቶውም ከሰማይ የተነሣ ነው የሚመስለው" አለች።

"ልጁ ባሕር ማዶ ነው፤ ማን ይሥራለት" አለ አንዱ።

"ስንቱን ሰው አሳምሮ አንሥቶ፣ የራሱ ጊዜ ሲደርስ የሚያነሣው ይጣ?" አለች ጊንካ። የዋጋ መጻፊያውን ጥቁር ቀለም አምጥታ ወረቀቱ ዙሪያ ወፍራም ክፈፍ አሰመረችለት። "ይኸውልህ ወንድሜ። አሁን ሰው መሰልክ።"

ኔቬና ከወንበሯ ሆና አየቻት። "ተዪው ጊንካ" ማለት ነበረባት። የሰው ዳቦ በእጇ ይዛ ቀረች።

ከቀትር በኋላ አበባ መጣ። ለሙት የሚሰጥ አበባ ጥንድ ነው፤ ሁለት ሁለት፣ አራት አራት እያሉ ባዶ የእርጎ ባልዲ ውስጥ አቆሙት። አንዷ ንፍሮ በስኳር ቀቅላ በትንሽ ሣህን አምጥታ ለወረፋው አደለች። ኔቬናም ደረሳት። አልጎርስም ማለት ነውር ነው፤ ጎረሰች። የአንዷ የልጅ ልጅ በሩን፣ ወረቀቱንና አበባውን በስልኳ አንሥታ ላከችው። የከተማው ልጆች እንጀራ ፍለጋ በተበተኑበት ሁሉ ምስሉ ደረሰ።

ኔቬና ማታ ስትወጣ ወደ ቦያን ቤት ልትሄድ አሰበች። እስከ ቁልቁለቱ ሄደችም። ምን ትለዋለች? "ሌባ እንዳይሉህ ገደልኩህ" ትለዋለች? መስኮቱ በርቶ አየችው። ድሮ ወተት ልግዛ ብላ ትቆም እንደነበረው በማዶው ጥግ ቆመችና ተመለሰች።

ሐሙስ ነጋ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ኔቬና ፀጉሯን አልነካችም። በመስታወቱ ውስጥ መንገዱን ስታይ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ሲቆም አየች፤ ከዚያ አጠገቡ ያለችው ሴት የድንች ፌስታሏን ስትለቀው፣ ድንቹም ወደ መንገዱ ሲንከባለል። በድንቹ መካከል ቦያን እየመጣ ነበር፣ ኮፍያውን ለሴትዮዋ ከፍ እያደረገ።

በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። አበባውን አየ። ከዚያ ራሱን አየ። ረጅም ጊዜ ነው የቆመው፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የሌላ ፎቶ አንሺ ሥራ እንደሚመረምር ሰው። ኮፍያውን አውልቆ ገባ። እማማ ስታና ከዱቄቱ መደርደሪያ አማተቡ።

"ቦያን" አሉ፣ "በቁምህ ነው ወይስ መጥተህ ልትወስደኝ ነው?"

"እርጎ ልገዛ ነው እማማ።"

መጀመሪያ የሳቀችው ጊንካ ናት። "እኔ ደሞ ክፈፍ አሰመርኩለት" አለች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ አንዱ ጀርባውን መታው፣ ሌላው "ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል፣ አሁንስ መቶ ትሞላለህ" አለው። "ማን ነው እንዲህ ያለውን ቀልድ የቀለደው?" ሲሉም መልስ የጠበቀ አልነበረም፤ ሕያው ነው የሚለው ወሬ ቀድሞ ከበሩ ወጥቷል።

ቦያን አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ወደ ኔቬና መጣ።

"ይህን ማን አነሣው?" አለ ድምፁን ቀንሶ። "ብርሃኑ ከላይ ነው። ከላይ የመጣ ብርሃን ዓይን ይቆፍራል፣ ሕያውን ሬሣ ያደርጋል። ስንት ዓመት የተናገርኩት ነው።" ይህን እያለ ቀና አለ። ካሜራውን በጣሪያው ጥግ አገኘው። ዓይኑ ከካሜራው ተነሥቶ፣ መስመር እንደሚያሰምር ሰው፣ በአየሩ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ የብስኩቱ መደርደሪያ ላይ፣ የለውዝ ዋፈሩ ፊት ቆመ።

ፊቱ ቀላ። ከቆሙት መካከል ምክንያቱን የሚያውቁት እሱና ኔቬና ብቻ ናቸው።

"ታዪኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

ቦያን ኮፍያውን በእጁ አዞረ፣ አዞረ። "እኔ ደግሞ እጄ ገና ፈጣን ነው እያልኩ ስኮራ ነበር" አለ። "ሦስት ክረምት። ቤቴ ገብቼ ራሴን በመስታወት እያየሁ፣ 'ቦያን፣ አላረጀህም' እል ነበር። ምነው ዝም አልሽ?"

"ብናገር አትመጣም ነበር" አለች ኔቬና። 'አይመጡም' ማለቷ ነበር፤ 'አትመጣም' ሆኖ ወጣ። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም አላነሡትም።

"ሌባ ተብሎ ሊጻፍ ነበር" አለ እሱ፣ ወደ በሩ ሳያይ።

"ነበር።"

"አልጻፍሽውም።"

"አልጻፍኩትም። ከዚያ ሰው አማተበ። እኔም ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።"

ቦያን ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር እንዳላት ወይም ሌላ ነገር እያሰበ እንደሆነ አታውቅም። "ጠዋት ስልኬ ጮኸ" አለ። "የቤቱ ስልክ፣ አቧራ የጠጣው። 'ሃሎ' አልኩ። ማዶ ያለው ሰው ዝም አለ። 'ሃሎ፣ ማን ልበል?' አልኩ። ማልቀስ ጀመረ። ሮሰን ነው። ጎረቤት ያነሣል ብሎ ነው የደወለው፣ ቀብሩን ሊጠይቅ። እኔ ሳነሣው..." መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ቅዳሜ ይገባል። ቲኬቱን ለቀብር ቆርጦታል፣ ገንዘቡ አይመለስም አሉት።"

"እንኳን ደስ ያለህ" አለች ኔቬና፤ ከልቧ ነበር። ልቧ ግን ከቃሉ ቀድሞ ሌላ ነገር አውቆ ነበር።

ፕላመን ከቀትር በኋላ ሲመለስ በሩ ላይ ባልዲ ሙሉ አበባ፣ በወረቀቱ ዙሪያ ጥቁር ክፈፍ አገኘ። ገና ምኑም ሳይገባው እናቱ ደወለችለት፤ ነጭ ካልሲ የሚለው ቃል ከስልኩ ውስጥ እስከ ሒሳብ መቀበያው ተሰማ።

"እንዲለጠፍ ነበር ያልኩት" አለ ለኔቬና።

"ለጠፍኩት።"

"ቃሉስ?"

"ቃሉንስ ጣቴ እምቢ አለኝ።"

ፕላመን አበባውን አየ። "አንድ ከተማ ካለቀሰላቸው በኋላ ምን ብዬ ነው ሌባ የምላቸው?" አለ፤ ደክሞት ነበር። ወረቀቱን ራሱ ቀስ አድርጎ ላጠው፤ አልቀደደውም። የኔቬናን ምስል ልኮት ይሁን አይሁን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከዋና ቢሮ የመጣ ነገር ግን የለም።

ሮሰን ቅዳሜ መጣ። ትከሻው እንደ አባቱ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። አባትና ልጅ አንድ ሳምንት በከተማው ውስጥ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዞሩ፤ ሰው ሁሉ እያስቆመ ቦያንን ዳሰሰው። ከዚያ ቤቱ ሊቆለፍ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ሮሰን አባቱን ይዞት ሊሄድ ነው፤ እዚያ ሴት ልጅ አለችው፣ አያቷን አይታ የማታውቅ።

በመጨረሻው ሐሙስ ቦያን አምስት ሰዓት ላይ ገባ። ዳቦም እርጎም አልያዘም። በቀጥታ ወደ ብስኩቱ መደርደሪያ ሄደ፤ አንድ የለውዝ ዋፈር አነሣና ሰው ሁሉ እያየው፣ እንደ ሻማ ከፍ አድርጎ ይዞ መጥቶ ኔቬና ፊት አስቀመጠ።

"ይህን ልከፍል" አለ።

መታችው። ከፈለ። ዋፈሩን ከሁለት ቆርሶ ግማሹን ሒሳብ መቀበያው ላይ ተወላት። ከዚያ ከኮቱ ሥር፣ ከብብቱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አወጣ።

"ቤቱን ስናጸዳ ነው" አለ። "ስፔን አይገባም፣ ትልቅ ነው።"

"ጋሽ ቦያን—"

"ብርሃኑ ዛሬ ጥሩ ነው" አለ። ውጭ ይዘንባል። ሮሰን በበሩ ላይ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቀው ነበር።

ኔቬና ጋዜጣውን የፈታችው ቤቷ ገብታ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኔቬና ነበረች፣ ያቺ የመስታወቱ። ግን ፎቶው ከአንድ ወገን ነጥቶ ነበር። የግራ ጉንጯ፣ ፀጉሯ፣ የአንገት ልብሷ ጥልፍ ጠፍተው ወረቀት ብቻ ሆነዋል፤ ቀኝ ዓይኗ ብቻ እንደ ድሮው ያያል። ፀሐይ ነው የበላው። ኔቬና በእጇ ይዛ ቆማ አሰበች። ፎቶዋ በመስታወቱ ውስጥ የቆመው አሥራ አንድ ወር ነው፤ እሱም በሰሜኑ በኩል፣ ከመጋረጃ ሥር። አሥራ አንድ ወር እንዲህ አይበላም። ይህን ያህል ለመንጣት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ ከአንድ ወገን ብቻ ብርሃን በሚገባበት በአንድ ክፍል መስኮት አጠገብ፣ ማንም ከመንገድ በማያየው በኩል።

ልትጠይቀው ፈለገች። አውቶቡሱ ግን ከሰዓታት በፊት ሄዷል።

ወረቀቱ በሩ ላይ ከተለጠፈ አርባ ቀን ሲሞላ ዕለቱ እሑድ ሆነ። ኔቬና ቆጥራ አልነበረም፤ ወይም እንዳልቆጠረች ለራሷ ትናገራለች። ከሥራ በፊት ሁለት የለውዝ ዋፈር ገዛች። አንዱን ለጊንካ ሰጠቻት፤ ሰው ለሙቱ እንደሚሰጠው፣ በሁለት እጅ።

ጊንካ ተቀበለች፤ ለሙት የተሰጠ አይመለስም። ከዚያ ቆም አለች። "ስለ ማን ነው?"

ኔቬና ወደ በሩ አየች። በመስታወቱ ላይ የፕላስተሩ ምልክት በአራት ማዕዘን ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ብታጥበውም አልለቀቀም። በመካከሉ ዛፎቹና ወንዙ ይታያሉ።

"ስለ ሄዱት" አለች።

"እሱ እኮ አልሞተም። ትናንት ፎቶ ልኳል፣ ከልጅ ልጁ ጋር ብርቱካን ዛፍ ሥር። ብርሃኑን ከጎን አድርጎ።" ጊንካ የዋፈሩን መጠቅለያ ላጠች። "እና ምን ልበል? ነፍስ ይማር አይባል።"

"ምንም አትበዪ። ዝም ብለሽ ብዪው።"

ጊንካ ገመጠች። ስታኝክ ኔቬናን አየቻት፤ ልትቀልድ የነበረውን ዋጠችው። "የድሮው ይጣፍጥ ነበር" አለች ብቻ።

"የድሮው ይጣፍጥ ነበር" አለች ኔቬና፤ የራሷንም ቀስ ብላ ከሁለት ቆረሰችው። በሩ ተከፈተ። እማማ ስታና ዘምቢላቸውን ይዘው ገቡ።